ደሜ ኔጌቲቭ ነው፤ የት ልውለድ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ልይዝ ነው፤ ክትትሌን የማደርገውም በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። የእኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ፣ የባለቤቴ ደግሞ ፖዘቲቭ መሆኑ ሲታወቅ አዋላጇ ሆስፒታል እንድወልድ ነገረችኝ። አማቴ ግን «ሾተላይ የሚያሰጋው ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ ነው፤ የበኩርሽን እዚሁ ውለጂ» ይሉኛል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ሆስፒታል ወልዳ ስድስት ሰዓት ሳይሞላት ወደ ቤቷ ተሸኝታለች። የማንን ልስማ? ከወለድኩ በኋላስ ምን ያህል መቆየት አለብኝ?

መልስ፦ አማትዎ የተናገሩት እውነትነት አለው፤ መደምደሚያቸው ግን አያስኬድም። የእናትና የልጅ ደም በብዛት የሚቀላቀለው በወሊድ ጊዜ በመሆኑ፣ የእናቲቱ ሰውነት የልጁን ፖዘቲቭ ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ የበኩሩ ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በሚከተለው ፅንስ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ልጅ ከሾተላይ የመከላከሉ ሥራ የሚሠራው አሁን፣ በመጀመሪያው እርግዝናና ወሊድ ነው። ልጁ እንደተወለደ ከእትብቱ ደም ተወስዶ ይመረመራል፤ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ ለእናቲቱ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የተባለው መርፌ ይሰጣታል። ከዚህ ቀደም ውርጃ አጋጥሞዎት ከሆነ ግን «የመጀመሪያ ነው» የሚለው ስሌት አይሠራምና ሳይሸሽጉ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

መርፌው በ28ኛው ሳምንት አካባቢም እንዲሰጥ ስለሚመከር፣ ጥያቄዎ የመጣው በደህና ጊዜ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ በደምዎ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ምርመራ አስቀድሞ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ በየፋርማሲውም አይገኝም፤ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ስለሆነም ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ማቆየት አይቻልም። ሆስፒታሉ ውስጥ ይኑር አይኑር ዛሬ ማጣራት፣ ከወሊድ በኋላ ባልን በየመድኃኒት ቤቱ ከማሯሯጥ ያድናል። ከሁሉም በፊት ግን፣ መድማት ከታየዎት ወይም ሆድዎን የሚጎዳ አደጋ ከደረሰብዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

ይህን ስል ጤና ጣቢያን ማቃለሌ አይደለም፤ ችግር ያልታየበት እርግዝና በሠለጠነ አዋላጅ እጅ እዚያው በሰላም ይጠናቀቃል። እርስዎ ግን የደም ምርመራና የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና በአንድ ግቢ የሚገኝበት ቦታ ያስፈልግዎታል። በአቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለሰፈርዎ ይቀርባል፤ የሪፈር ወረቀትዎን ይዘው የመጨረሻው ወር ሳይገባ ካርድ ያውጡ። ምጡ ሌሊት ቢመጣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ስድስት ሰዓት አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ጤናማ እናትና ልጅ እንኳ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በጤና ተቋም እንዲቆዩ ይመክራል። አልጋ ተጣበበ ተብሎ ቢሸኙ እንኳ፣ የልጁ የደም ዓይነት ሳይታወቅና የመርፌዎ ጉዳይ ሳይቋጭ አይውጡ፤ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው። የብዙ ሕፃናት ቢጫነት የሚጀምረው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲሆን፣ ከ24 ሰዓት በፊት የታየ ቢጫነት ግን የደም አለመጣጣም ምልክት ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ምርመራ ይፈልጋል። በቀን ብርሃን የዓይኑን ነጭ ክፍል፣ መዳፉንና የውስጥ እግሩን ይመልከቱ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ እንደሚፈውሰው ሲነገር እንሰማለን፤ እንዲህ ያለውን ቢጫነት ግን የሚያክመው በሆስፒታል የሚሰጠው የብርሃን ሕክምና ነው፤ ሲብስም ደም መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል።

ወደ ቤት ከገቡም በኋላ፣ ከወለዱበት ሰዓት ተቆጥሮ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በሁለተኛው ሳምንት፣ በመጨረሻም በስድስተኛው ሳምንት ይታዩ። አራስ ከቤት አትወጣም የሚሉ ዘመዶች ይኖራሉ፤ እንክብካቤያቸውን ተቀብለው ቀጠሮውን ግን አይቅሩ።

የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ከተቋሙ የጠፋ መድኃኒት ከውጭ ሲገዛ ግን ወጪው በቤተሰብ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ለመርፌው የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ ለብቻ ያስቀምጡ።