ሰንጢ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሥራ ለምትገቡ

ውድ ልጆቼ፣

በጥገና ሙያ አዲስ የተቀጠሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ሰንጢ ይዤ ብገባ ሰው ምን ይለኛል?» ይላሉ። መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሰው የሚለው ነገር ከሰንጢው ይልቅ ከኪስ በሚወጣበት አኳኋን ይወሰናል። እንዲህ በአጭሩ ስናገረው ግን አያረካቸውም፤ አንዳንዶቹም የተደበቀ ተግሣጽ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጥገና ነው፤ በመጀመሪያ ማሽን በሚጮኽበት አዳራሽ፣ ቀጥሎ በመጋዘን፣ በመጨረሻም ጠረጴዛና ኮምፒውተር ብቻ በተደረደረበት ቢሮ። ሰንጢ በሦስቱም ቦታ ከኪሴ አልተለየም። በማሽኑ አዳራሽ ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም፤ እዚያ የሚገርመው ስለት ያልያዘ ሰው ነው። በመጋዘኑም «እስቲ አንድ ጊዜ» እያለ የማይዋሰኝ አልነበረም። ቢሮ ስገባ ግን ያው ሰንጢ ሲወጣ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ስለቱ አልረዘመም፣ የእኔም ፊት አልከፋም። የቢሮ ሰው ስለት የሚያየው ወይ በወጥ ቤት ነው ወይ በዜና። ከወጥ ቤት ውጭ ሲያየው ትዝ የሚለው ዜናው ነው።

እናም የሰውን መደንገጥ እንደ ሞኝነት አትቁጠሩት። «ካርቶን መክፈቻ አይቶ መደንገጥ ምን የሚሉት ነው?» እያሉ የሚስቁ ወጣቶች አጋጥመውኛል። እኔ አያስቀኝም። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው በእጃችሁ ያለውን ያያል፤ በልባችሁ ያለውን አያይም። ሥራ ከጀመራችሁ ደግሞ ገና ወር አልሞላችሁ ይሆናል። በሕይወቱ ስለት ምን እንዳሳየውም አታውቁም። አንዲት ባልደረባዬ ሰንጢ በተከፈተ ቁጥር ሥራዋን አቋርጣ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። ምክንያቱን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እሷ ባለችበት በመቀስ ሠራሁ፤ ሥራው አልዘገየም፣ እኔም ምንም አልጎደለብኝ።

ይህ ነገር የአንድ ክፍል ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ልንገራችሁ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ስለታቸው ከ6 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ትንንሽ ሰንጢዎች ወደ አውሮፕላን ክፍል እንዲገቡ እፈቅዳለሁ ብሎ አስታወቀ። ዋናው ክርክሩ የፈታሾች ጊዜ በትንንሽ ስለት ላይ ከሚባክን ፈንጂን ወደ መፈለግ ይዙር የሚል ነበር። በስሌት ካያችሁት የሚያሳምን ክርክር ነው። አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ግን የበረራ አስተናጋጆች ነበሩ፤ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከተከፈተ ስለት ጋር ተዘግቶባቸው የሚሠሩት እነሱ ናቸውና። በሰኔ ወር ሐሳቡ ተሰረዘ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግሞ እስከ 6 ሴንቲሜትር ያለውን ይፈቅዳል። ልኩ አንድ ሆኖ ሳለ በውቅያኖሱ ወዲያና ወዲህ የተለያየ ፍርድ አገኘ። ማን ትክክል እንደሆነ ልፈርድ አልፈልግም፤ በስለት ጉዳይ ላይ የሥራ ባልደረባ ስሜት ከሴንቲሜትር እኩል እንደሚመዘን ግን ልብ በሉ።

ይህን ስል ሰንጢ አትያዙ ማለቴ አይደለም። ማሸጊያ ፕላስተር በቁልፍ ሲቦጫጭቅ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ በጥርሱ ሲጎትት፣ የሽቦ ልባስ በጥፍሩ ሲልጥ ያየሁት ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። በካቻቢቴ ካርቶን የሚወጋም አለ፤ ካቻቢቴ ለመቁረጥ አልተሠራምና ሰውየው በኃይል ይገፋዋል፣ ድንገት ሲያልፍ ደግሞ መዳፉ ላይ ይቆማል። የተሳለ ሰንጢ በቀስታ ሄዶ የሚጨርሰውን ሥራ፣ ያልተሳለ ወይም ለዚያ ያልተሠራ መሣሪያ በትግል ያደርገዋል። አደጋ ያለው በትግሉ ነው። ስለዚህ ከያዛችሁ ስሉት። በሁለቱም ጎን ወደ 20 ዲግሪ ገደማ አጋድማችሁ በመሳያ ድንጋይ ላይ እኩል ማመላለስ ለኪስ ሰንጢ ይበቃዋል። አንድ ወረቀት አንጠልጥላችሁ ሳይቀድ ከቆረጠው ተስሏል። በአውራ ጣት አትሞክሩት፤ ያንን የሚያደርግ ሰው ባየሁ ቁጥር እኔም ከቢሮ ሰዎቹ ጋር እደነግጣለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ብዙ ቅሬታ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ። ካርል ኤልዜነር የተባለ የስዊስ ቢላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ጦር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ወታደሩ ጠመንጃውን የሚፈታበት ካቻቢቴና የታሸገ ምግቡን የሚከፍትበት ጣሳ መክፈቻ ያስፈልገው ነበር፤ ስለቱ ከእነዚህ ጋር በአንድ እጀታ ውስጥ ገባ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውና ብዙ ነገር የያዘው የመኮንኖች ሰንጢ በስሙ ተመዘገበ። እንግዲህ ይህ ለወታደር ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ዛሬ ግን በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ማንም የማይደነግጥበት ሰንጢ ቢኖር እሱ ነው፤ ቀይ እጀታው፣ ትንሿ መቀሱ፣ ጥርስ መጎርጎሪያው ሁሉ ሥራውን ይናገሩለታል። በአንጻሩ ለሰላማዊ ሰው የሚሸጥ፣ ጥቁር የተቀባ፣ በአንድ እጅ ተወንጭፎ «ቀጭ» ብሎ የሚከፈት ሰንጢ አለ። ስለቱ ከስዊሱ ቢያጥርም እንኳ ክፍሉን ጸጥ ያሰኛል። ወጣቶች የሚመኙት ይህኛውን ነው፤ አውቃለሁ። ለቤታችሁ፣ ለተራራ ጉዟችሁ ግዙት፤ ለሥራ ግን የመጀመሪያውን ዓይነት ያዙ።

ሥራችሁ ሽቦና ብሎን የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ ፒንሳ ያለው ይሻላችኋል። ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ መኪና አውሮፓን ሲዞር በኪሱ የነበረው ሰንጢ ፒንሳ ስላልነበረው ተቸገረ። ያሰበውን ሠርቶ፣ ፋብሪካዎች እንቢ ሲሉት ታግሦ፣ በ1983 ለገበያ አቀረበው። በዚህ መሣሪያ መጀመሪያ የሚታየው ፒንሳው ነው፤ ስለቱ ከብዙ ነገሮች መካከል አንዱ ይሆናል። ሰው ፒንሳ አይቶ አይሸሽም። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ እጀታው ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ በእሱ መንካት ራስን መግደል ነው።

ስለ መቆለፊያም ላንሣ። ብዙዎቹ ቀላል ሰንጢዎች ተከፍተው የሚቆዩት በሞላ ግፊት ብቻ ነው፤ ጫፋቸውን ወደ ጠንካራ ነገር ከገፋችሁት ታጥፈው ጣት ላይ ይዘጋሉ። የፈረንሳዩ ሰንጢ ሠሪ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1955 እጀታው አንገት ላይ የሚዞር ቀለበት የጨመረው ለዚህ ነበር። መቆለፊያ ለጣት ደኅንነት ነው። ሕግ ግን ሁልጊዜ ከጣታችሁ ጋር አይወግንም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሕግ ያለ ምክንያት በአደባባይ እንዲያዝ የሚፈቅደው የሚታጠፍ፣ የስለቱ ርዝመት ከ3 ኢንች ማለትም ከ7.62 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ነው፤ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የሚቆለፈውን እንደማይታጠፍ ቢላ ቆጥረውታል። ያንን የያዘ ሰው በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ሥራ ምክንያት ይሆናል፤ «ረስቼው ነው» ማለት ብቻውን አይሆንም። በጀርመንም በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢን ያለ ተገቢ ምክንያት ይዞ መዞር ከ2008 ጀምሮ ተከልክሏል። የየአገሩ ሕግ ይለያያልና እናንተ ያላችሁበትን ፈልጋችሁ አንብቡ። የምታነቡትም ከመግዛታችሁ በፊት ይሁን። ከሁሉም የምትረዱት ግን በሥራ ሰዓት ምክንያት ያለው ሰንጢ፣ ማታ ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትዝናኑ ኪሳችሁ ውስጥ ከተገኘ ምክንያቱን እንደሚያጣ ነው። ስትወጡ ከመሣሪያ ሣጥናችሁ አኑሩት።

አወጣጡ ላይ ደረስን። ሰው የሚፈራው ድንገተኛ ነገር ነው፤ ስለዚህ ከእጃችሁ በፊት አፋችሁ ይቅደም። «ይህን ማሰሪያ ልቁረጠው» ብላችሁ ከዚያ ኪሳችሁን ዳስሱ። በሁለት እጅ፣ ወደ ራሳችሁ ዞራችሁ፣ ከደረት በታች ክፈቱ። ቁረጡ፣ ዝጉ፣ መልሱ። ተከፍቶ በእጃችሁ እያለ ወሬ አትቀጥሉ፤ በተለይ እጃቸውን እያወናጨፉ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፣ እነዚህን ሰንጢ ባይዙ እመርጣለሁ። ስትቆርጡ አቅጣጫው ከሰውነታችሁና ዕቃውን ከያዘላችሁ ሰው እጅ የራቀ ይሁን። ክርክር በተነሣበት ክፍል፣ አለቃና ሠራተኛ ድምፅ ከፍ ባደረጉበት ሰዓት፣ ካርቶኑ ቢቃጠልም አታውጡት። ስብሰባ ላይ ሰንጢ እየከፈቱና እየዘጉ መጫወትን በተመለከተ የምለው የለኝም፤ ጥፍር በስብሰባ መቁረጥን ከምታዩበት ዓይን እዩት።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ጎበዝ ቴክኒሻን ነበር። እጁ ፈጣን፣ ሥራው ንጹሕ። ሰንጢውን ግን በአየር ላይ ወንጭፎ ይከፍት ነበር፤ ወጣት ሴቶች ባሉበትማ ሁለት ጊዜ። ማንንም አልነካም፣ ማንንም አላስፈራራም። ሆኖም ለኃላፊነት ቦታ ስሙ በተነሣ ጊዜ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ «ያ ሰንጢ የሚወነጭፈው?» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው የተናገረ ሰው አልነበረም። ፍትሕ ነው አልልም። ሥራውን አይተው ቢሆን ኖሮ እሱን ነበር የሚመርጡት። እሱ ግን ማስታወሻ የሚሆን ሌላ ነገር ሰጥቷቸው ነበር።

ስለ ማዋስ። ሰው መበደር ሲጀምር መልመዱን ታውቃላችሁ፤ ትናንት የተገላመጠው ሰው ዛሬ «ያ ነገርህ አለ?» ይላል። አውሱት፤ ዘግታችሁ ስጡት፣ ሲመልስም ዘግቶ ይስጣችሁ። የማያውቅበት ከሆነ «እኔ ልቁረጥልህ» በሉት፤ ይህ ስስት አይደለም፣ ሞላው ጠንካራ የሆነ ሰንጢ ጀማሪን ሲዘጋ ነው የሚቆርጠው። ደግሞ በተዋሰ ሰንጢ ሽቦ የሚልጥ፣ ብሎን የሚፈታ፣ ቀለም የሚፍቅ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ተናገሩ፤ ሁለተኛ ከደገመ መቀስ ስጡት። ፍራፍሬ የምትቆርጡበት ከሆነ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሳታጥቡ አትንኩበት፤ በማጠፊያው ስንጥቅ ውስጥ የሚከማቸውን ጉድፍ አንድ ቀን ፈታታችሁ ብታዩት ምግብ ላይ መልሳችሁ አታሳርፉትም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመሥሪያ ቤታችሁን ደንብ ጠይቁ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ማንኛውንም ስለት ወይም «መሣሪያ» በሚል ጥቅል ቃል ሰንጢን ይከለክላሉ፤ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ሳትጠይቁ አትግቡበት። «ሁሉም ይዟል» የሚባለው መልስ አንድ ቀን አንድ ሰው ሲያመለክት አይረዳችሁም፤ ያን ቀን ሁሉም የያዘው ከኪሱ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። አለቃችሁ አይሆንም ካላችሁ በሰንጢው ላይ አትከራከሩ። ስለ ሰንጢ የሚደረግ ክርክር ሰንጢ የሚወድ ሰው ያስመስላችኋል፤ ያንን ስም ደግሞ ማንም አለቃ በመዝገቡ አይፈልገውም። ይልቅ በሥራ ቀናችሁ ምን ምን እንደምትቆርጡ ጻፉና መቁረጫ እንዲገዛላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣላችሁ ስትለቁት ስለቱ ራሱ ወደ እጀታው የሚመለስ የካርቶን መቁረጫ ነው። ተቀበሉት፤ ለካርቶንማ ከሰንጢ ይሻላል።