በእጅ የሚያዙት የዜልዳ ጌሞች፦ ጥያቄና መልስ

በእጅ በሚያዙ መሣሪያዎች የወጡት የዜልዳ ጌሞች እንዴት እንደሚለያዩና ከየትኛው መጀመር እንደሚሻል የተጠየቁ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ከ1993ቱ ሊንክስ አዌክኒንግ እስከ ስሪዲኤስ ዘመን ያሉትን ይመለከታሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ካሴት ስል ካርትሪጁን፣ ደንጀን ስል እንቆቅልሽ የሞላበትን፣ መጨረሻው ላይ ቦስ (ዋና ጠላት) ያለበትን ቤት ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ዜልዳን የማውቀው በስዊች ብቻ ነው። ከድሮዎቹ አንዱን ልሞክር ብል ከየትኛው ልጀምር?

ከሊንክስ አዌክኒንግ፣ ወንድሜ። መጀመሪያ በ1993 ለጥቁርና ነጩ ጌም ቦይ ወጣ፣ በ1998 ቀለም ተጨምሮበት ዲኤክስ ተብሎ ተመለሰ። የተለመደው ምድር ሃይሩል የለም፣ ልዕልት ዜልዳም የለችም። ጀግናው ሊንክ መርከቡ ተሰብሮ ኮሆሊንት የምትባል ደሴት ላይ ይጣላል። ከዚያ ለመውጣት ስምንት የሙዚቃ መሣሪያዎች ሰብስቦ፣ ተራራው አናት ላይ ባለው እንቁላል ውስጥ የተኛውን የነፋስ ዓሣ መቀስቀስ አለበት።

ይህን የማስቀድመው የመሣሪያው ጥበት ጌሙን ስላሳመረው ነው። ደሴቲቱ 16 በ16 ተከፍላ 256 ስክሪን ነች፤ እያንዳንዱ ስክሪን በአግድም 10፣ በቁመት 8 ካሬ ብቻ ይይዛል። ባዶ ሜዳ ለመዘርጋት ቦታ ስለሌለ፣ በየስክሪኑ አንድ የሚነሳ ድንጋይ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የተደበቀ ደረጃ አታጣም።

በተኑም እንደዚያው ነው። ያሉት ኤ እና ቢ ብቻ ናቸው፤ ሰይፉ ራሱ አንዱን ይይዛል፣ ካልፈለግህ ታወርደዋለህ። የሚያዘልለውን ላባ በአንዱ፣ የፔጋሰስን ጫማ በሌላው አድርገህ ሮጠህ ብትዘል፣ በላባው ብቻ የማትደርስበትን ጉድጓድ ትሻገራለህ። ቦምብና ቀስት አድርገህ ሁለቱን በተን እኩል ከተጫንክ የሚፈነዳ ቀስት ይወረወራል። ጉዳቱ ከባድ ድንጋይ ባጋጠመህ ቁጥር ሜኑ ከፍተህ ዕቃ መቀያየርህ ነው። በ2019 ለስዊች እንደ አዲስ የተሠራው ለሰይፍና ለጋሻ የራሳቸውን በተን ስለሰጣቸው ይህ ጣጣ እዚያ ቀንሷል።

ስዊች ካለህ የድሮ መሣሪያ መፈለግም የለብህም። ዲኤክስ ከየካቲት 2023፣ ሁለቱ ኦራክሎች (ሲዝንስና ኤጅስ) ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በኒንቴንዶ ስዊች ኦንላይን አባልነት ይገኛሉ። ሚኒሽ ካፕ ግን ከፍ ያለውን፣ ኤክስፓንሽን ፓክ የሚባለውን አባልነት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ዲኤክስ ላይ ሴቭ የሚደረገው የት ነው? ሜኑው ላይ አጣሁት።

ኤ፣ ቢ፣ ስታርት እና ሴሌክትን አራቱንም በአንድ ጊዜ ተጫን።

ጥያቄ፦ ሁሉንም በዋናው ካሴት መጫወት ብፈልግ ስንት መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ሁለት። ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ የጌም ቦይን፣ የጌም ቦይ ከለርንና የአድቫንሱን ካሴት ሁሉ ያነባል። ስሪዲኤስ ደግሞ የዲኤስንና የራሱን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲኤስ ላይት ላይ ነው፦ ከታች ያለው ሰፊ ቀዳዳ የአድቫንስ ካሴት ይቀበላል እንጂ የጌም ቦይና የከለር ካሴት አያነብም። ስለዚህ ሚኒሽ ካፕ ይሠራልሃል፣ ኦራክሎቹ አይሠሩም። ኦራክሎቹ በግራጫው ጌም ቦይም አይከፈቱም፤ ለከለር ብቻ የተሠሩ ናቸው። ዲኤክስ በግራጫውም ይከፈታል፣ ነገር ግን በመቃብር ስፍራው በኩል የሚገባበት የቀለም ደንጀን ይቀርብሃል። እዚያ የሚሰጠው ቀይ ልብስ የምትመታበትን ኃይል ያጠናክራል፣ ሰማያዊው የሚደርስብህን ጉዳት ይቀንሳል፤ ስለዚህ መቅረቱ ያስቆጫል።

ኤስፒ ስትገዛ ገልብጠህ ጀርባው ላይ ያለውን ተለጣፊ አንብብ። ኤጂኤስ-101 የሚለው ስክሪኑ ከኋላ ስለሚበራ ጥርት ያለ ነው፤ ኤጂኤስ-001 መብራቱ ከፊት ስለሆነ ቀለሙ ገርጣ ይላል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ስሪዲኤስ ልታመጣልኝ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ሁለት ነገር። አንደኛ ቻርጀሩ። በላዩ የተጻፈውን የመግቢያ ቮልት አንብብ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ እኛ አገር ባለው 220 ላይ እንዳትሰካው፣ ይቃጠላል። አስማሚ ሶኬት የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ከ100 እስከ 240 የሚል ቻርጀር፣ ወይም የስሪዲኤስ መሰኪያ ያለው የዩኤስቢ ገመድ አብራ እንድታመጣ ንገራት።

ሁለተኛ፣ የስሪዲኤስ ጌሞች በክልል የተቆለፉ ናቸው። የአሜሪካ መሣሪያ የአውሮፓም የጃፓንም የስሪዲኤስ ካሴት አይቀበልም። ስለዚህ ኤ ሊንክ ቢትዊን ዎርልድስንም እዚያው ትግዛልህ። የፋንተም አወርግላስና የስፒሪት ትራክስ ካሴቶች ግን የዲኤስ ስለሆኑ ከየትም ቢመጡ ይሠራሉ፤ የጌም ቦይና የአድቫንስ ካሴቶችም ቁልፍ የለባቸውም።

የስሪዲኤስ የኦንላይን መደብር ኢሾፕ ግዢ ያቆመው በመጋቢት 2023 ስለሆነ ዛሬ በመሣሪያው ላይ ከፍለህ የምታወርደው ጌም የለም። ካሴት ነው የሚያስፈልግህ።

ጥያቄ፦ ኦራክል ኦፍ ሲዝንስ እና ኦራክል ኦፍ ኤጅስ የአንድ ጌም ሁለት ቅጂ ናቸው? የቱን ላስቀድም?

አይደሉም። በ2001 አብረው ቢወጡም ካርታቸው፣ ደንጀናቸውና ጠላታቸው የተለያየ ነው። የሠራቸው ካፕኮም ነው። ሲዝንስ በሆሎድረም ምድር የሚካሄድ ሲሆን ውጊያ ይበዛዋል። የዛፍ ጉቶ ላይ ወጥተህ የወቅቶቹን በትር ስታወዛውዝ ያ አካባቢ ወቅቱን ይለውጣል፦ በክረምት ኩሬው በረዶ ሆኖ ትሄድበታለህ፣ በበጋ ገደሉ ላይ የሚወጡበት ሐረግ ይበቅላል፣ በጸደይ አበባው ወደ ላይ ያስፈነጥርሃል። ኤጅስ በላብሪና ምድር፣ በአሁኑና ባለፈው ዘመን መካከል በበገና የሚመላለሱበት ነው፤ እንቆቅልሹ ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ ደንጀን እርሳስና ወረቀት ያስይዛል።

እኔ ሲዝንስን አስቀድም እላለሁ። ጌሙ የትኛውንም ቢያስቀድሙ ይቀበላል፤ ነገር ግን ሲዝንስ ዕቃዎቹንና ዘሮቹን ቀለል አድርጎ ያስተምራል፣ ኤጅስ ደግሞ ይህን እንደምታውቅ ቆጥሮ ይፈትንሃል። ገልብጦ የሚጫወት ሰው ሲዝንስ ላይ ሲደርስ ፈተናው ወረድ ይልበታል።

አያያዙ እንዲህ ነው። አንደኛውን ስትጨርስ 20 ምልክት ያለው የሚስጥር ቃል ይሰጥሃል። ሁለተኛው ላይ አዲስ ፋይል ስትከፍት የሚስጥር ቃል ማስገቢያውን መርጠህ ትጽፈዋለህ። ከዚያ ሊንክ ከሦስት ይልቅ በአራት ልብ ይጀምራል፣ ታሪኩም የመጀመሪያውን ድል ያውቃል፣ መጨረሻው ላይም ጠንቋዮቹ ትዊንሮቫና ዋናው ክፉ ጋኖን ይመጣሉ። አንዱን ብቻ የተጫወተ ሰው እውነተኛውን መጨረሻ አላየም።

ችግር የሚፈጠረው ሦስት ቦታ ነው። ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ይምታታል፣ ምልክቶቹም ይመሳሰላሉ፤ በእጅ ከመጻፍ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሳው። የጃፓኑን ካሴት ከሌላው ጋር አታቀላቅል። ከሁሉም በላይ ግን የመጀመሪያውን ፋይል አታጥፋ። ሁለተኛው ውስጥ ያሉ ሰዎች ባለ 5 ምልክት ሚስጥር ይነግሩሃል፤ ያንን ወስደህ በመጀመሪያው ጌም ላለው ሰው ስትነግር የተሻለ ዕቃ ታገኛለህ፣ የመልስ ሚስጥሩንም ይዘህ ትመለሳለህ። ፋይሉን ያጠፋ ሰው ይህ ሁሉ በር ይዘጋበታል። በጌሞቹ ውስጥ የሚሰበሰቡት ቀለበቶች 64 ናቸው፣ እያንዳንዱን ለማስመርመር 20 ሩፒ (የጌሙ ገንዘብ) ይከፈላል፣ ከአንዱ ጌም ወደ ሌላው የሚሻገሩትም ባለ 15 ምልክት በሆነ ሌላ ሚስጥር ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒሽ ካፕ አጭር ነው ይባላል። ገንዘቤን ላውጣበት?

አውጣበት። በ2004 የወጣ፣ እሱም የካፕኮም ሥራ ነው። ደንጀኖቹ ስድስት ብቻ ናቸው፣ ይህ እውነት ነው። በሥዕል ግን ከጌም ቦይ አድቫንስ ጌሞች ሁሉ ዓይን የሚይዝ ነው፦ ሊንክ እንደ አውራ ጣት አንሶ ከተማው ውስጥ ሲገባ የሣር ቅጠል ጥላ ይሆነዋል፣ የዝናብ ጠብታ ያንገዳግደዋል።

ርዝመቱ ያለው ኪንስቶን በሚባሉት የተሰበሩ ሜዳሊያዎች ውስጥ ነው። አንድ ሰው ራስ ላይ የሐሳብ ደመና ካየህ ኤልን ተጭነህ ግማሽህን ከግማሹ ጋር ታጋጥማለህ፤ ከተጋጠመ የሆነ ቦታ ዋሻ ይከፈታል ወይም ሣጥን ይወጣል። ግጥሚያዎቹ 100 ናቸው። ከ44ቱ የልብ ቁርጥራጮች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ስለሚመጡ፣ ቀጥታ ወደ ደንጀኑ የሚሮጥ ሰው መጨረሻው ቦስ ጋ በቀጭን ልብ ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ደንጀን በኋላ ከተማውን አንድ ጊዜ ዙር።

በሚያበሩት ንጣፎች ላይ ሰይፉን ይዘህ ራስህን ስታባዛ ቅጂዎቹ ዕንቅፋት ሲነኩ ይጠፋሉ። መንገዱን አስቀድመህ ቁጠር፣ ከዚያ ተባዛ።

ጥያቄ፦ ፋንተም አወርግላስ ላይ ተጣብቄያለሁ። የላይኛውን ካርታ ወደ ታችኛው "አትም" ይለኛል። በስታይለሱ ያልነካሁት ቦታ የለም።

መሣሪያውን ዝጋው። እንደ መጽሐፍ አጥፈህ መልሰህ ክፈተው፤ ሁለቱ ስክሪኖች ሲገናኙ ማኅተሙ ታችኛው ላይ ያርፋል። በ2007 ይህን ያሰበ ሰው መሣሪያውን ራሱን የእንቆቅልሹ አካል አድርጎታል፣ እስካሁን የሚደንቀኝ ነው። የማይታጠፈው ቱዲኤስ ከሆነ ያለህ የእንቅልፍ ማብሪያውን ገፍተህ መልሰው፣ እንደ መዝጋት ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ እዚያው ጌም ላይ የባሕሩ ንጉሥ ቤተ መቅደስ ደጋግሞ መግባቱ ሰለቸኝ።

ቅሬታህ ትክክል ነው፤ የጌሙ ትልቁ ድካም እሱ ነው። ግን አብዛኛው ሰው የሚሰቃየው በየጊዜው አንዱን መንገድ ስለሚደግም ነው። አዲስ ዕቃ ባገኘህ ቁጥር በላይኞቹ ፎቆች አቋራጭ ይከፈትልሃል፦ ቦምብ ካለህ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አፍርሰህ እለፍ። የደረስክበትን መፍትሔ ወዲያው ካርታው ላይ በስታይለስ ጻፍ፣ ለሚቀጥለው ይቆይልሃል። ሐምራዊው ንጣፍ ላይ ስትቆም ጊዜህን የሚቆጥረው አሸዋ አይፈስም፣ ፋንተም የሚባሉት ጠባቂዎችም አያዩህም፤ መንገድህን እዚያ ቆመህ አስብ። መሃል ላይ ያለው ቢጫ መሸጋገሪያ እዚያ ለመድረስ የፈጀብህን ጊዜ ይመዘግባል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በጥንቃቄና በፍጥነት ሄደህ ብዙ አሸዋ ተርፎህ አስመዝግብ። የአሸዋው ጣሪያ 25 ደቂቃ ነው።

በ2009 የወጣው ስፒሪት ትራክስ ይህን አርሞታል። ግንቡ ሰዓት አይቆጥርም፣ ያለፍከውንም ፎቅ አያስደግምህም፣ ዜልዳ ራሷ የፋንተም ጥሩር ለብሳ አብራህ ትዋጋለች። በምትኩ ግን በባቡር ረጅም ጉዞ ትቀመጣለህ። እንቆቅልሽ ለሚወድ ከሁለቱ የዲኤስ ጌሞች ስፒሪት ትራክስ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ባሌ ስፒሪት ትራክስን ገዛልኝ፤ ዋሽንቱ ላይ ግን ሃያ ጊዜ ወደቅኩ። ማይኩ ተበላሽቶ ይሆን?

ማይኩ ደህና ሳይሆን አይቀርም፣ እህቴ። በኃይል መንፋት ነው የሚጥለው። በዲኤስ ላይት ማይኩ ማጠፊያው መሃል ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ነች። አፍሽን አንድ ጣት ርዝመት ያህል አርቀሽ፣ ሻይ እንደምታቀዘቅዢ ቀስ ብለሽ ያልተቆራረጠ ትንፋሽ ስጪው። ሁለተኛው ስህተት ዋሽንቱን በስታይለስ እየጎተቱ መንፋት ነው፤ መሃል ላይ ያሉት ቀለሞች ሁሉ ድምፅ አውጥተው ዜማውን ያበላሹታል። አቁሚ፣ ጎትቺ፣ ከዚያ ንፊ። ፋንና ቴሌቪዥን አጥፊ፤ ማይኩ የነሱንም ድምፅ እንደ ትንፋሽ ይቆጥረዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ እንግሊዝኛ ገና ነው። እናቱ ነኝ፣ ስለ ጌም ብዙም አላውቅም። የቱን ልግዛለት?

ኤ ሊንክ ቢትዊን ዎርልድስን ይግዙለት፣ እናቴ። የ2013 ጌም ነው፣ ለስሪዲኤስ። ንግግሩ አጭር ነው፣ ልጁም ገና ከመጀመሪያው አካባቢ ጀምሮ ራቪዮ ከሚባለው ነጋዴ አብዛኛውን ዕቃ ተከራይቶ በፈለገው አቅጣጫ መሄድ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ያስረዱት፦ ከሞተ የተከራየው ዕቃ ሁሉ ይወሰድበታል። ስለዚህ ነጋዴው መሸጥ ሲጀምር ሩፒውን አጠራቅሞ የሚወደውን ዕቃ ይግዛ፤ የተገዛ አይወሰድም። ሲቸግረው ፍንጭ የሚያሳይ መነጽር አለው፣ እያንዳንዱ ፍንጭ አንድ የጨዋታ ሳንቲም ይወስዳል። ሳንቲሙ የሚገኘው መሣሪያውን ዘግቶ ይዞ በመሄድ ነው፣ በ100 እርምጃ አንድ፣ በቀን እስከ 10።

ጥያቄ፦ ትራይ ፎርስ ሂሮስን ከጓደኛዬ ጋር ለሁለት መጫወት ይቻላል?

አይቻልም፤ ለአንድ ወይም ለሦስት ነው። የስሪዲኤስ ኦንላይን በሚያዝያ 2024 ተዘግቷል። ሦስት መሣሪያ አንድ ክፍል ውስጥ ካለ ግን በዳውንሎድ ፕሌይ አንድ ካሴት ለሦስቱም ይበቃል።

ጥያቄ፦ የድሮው ሊንክስ አዌክኒንግ ካሴቴ ባጠፋሁት ቁጥር ሴቩ ይጠፋል።

ውስጡ ያለው ባትሪ አልቋል። የጌም ቦይና የከለሩ ዜልዳዎች ሴቩን የሚይዙት በባትሪ ነው፤ ሚኒሽ ካፕና ከዚያ ወዲህ ያሉት ባትሪ የላቸውም። 3.8 ሚሊ ሜትር ልዩ መፍቻ፣ የብየዳ ብረት፣ እግር የተበየደለት አዲስ ባትሪ ያስፈልግሃል። የባትሪውን ቁጥር ከአሮጌው ላይ አንብብ እንጂ በግምት አትግዛ።

ቡሎኑን ፍታ፣ የፊቱን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርገህ አንሳ። ፕላሱና ማይነሱ የት እንዳለ ፎቶ አንሳ። እግሩ ከቦርዱ ጋር የተበየደበትን ቦታ አሙቀህ አላቅቅ፤ በጉልበት ከነቀልከው የቦርዱ መዳብ አብሮ ይነሳል። አዲሱን በዚያው አቅጣጫ በይድ። ብረቱን ባትሪው ላይ አታሳርፍ፣ ሙቀቱ ሊያፈነዳው ይችላል። በፕላስተር ማጣበቅ አያዛልቅም፤ ካሴቱ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ግንኙነቱ ይላቀቅና ሴቩ ይሄዳል። ከፍተኸው ሳለ የመዳቡን ጥርሶች በጥጥና በአልኮል ጥረግ። በአፍ መንፋት እርጥበት ይጨምራል እንጂ አያጸዳም።

ጥያቄ፦ ሚኒሽ ካፕ ከመግዛቴ በፊት ፎርጅድ መሆኑን በምን ልለየው?

ገልብጠህ የወርቅማዎቹን ጥርሶች እይ። በዋናው ካሴት ከነሱ በላይ ቦርዱ ላይ ኒንቴንዶ የሚል ጽሑፍ ይታያል። ተለጣፊውንም ወደ ብርሃን አዘንብለው፤ ወደ ውስጥ የተጫነ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ሁለቱም ከሌሉ ተወው። ፎርጅዱ ይከፈታል፣ ጥቂት ሰዓት ያጫውትሃል፣ ሴቩን ግን አይጠብቅልህም።

ጥያቄ፦ ዲኤክስ ላይ ከሱቁ ቀስቱን ሰረቅኩ። አሁን ሁሉም ሰው "ሌባ" እያለ ይጠራኛል። ስሜ ይመለሳል?

አይመለስም፤ እስከ ጌሙ መጨረሻ ስምህ ያ ነው። ቀስቱ 980 ሩፒ ስለሆነ ፈተናው ይገባኛል። ወደ ሱቁ ተመልሰህ ከገባህ ባለሱቁ በአንድ ምት ይገድልሃል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው ይሸጥልሃል፤ ስለዚህ ከመግባትህ በፊት ሴቭ አድርግ። ያለሞት ለመጨረስ አስበህ ከነበረ ግን ሱቁን እርሳው። ዲኤክስ ውስጥ ካሉት 12 ፎቶዎች አንዷ የምትነሳው በዚሁ ስርቆት ነው፤ አልበሙን ለመሙላት የሚፈልግ ሰው ለዚያ ብቻ ሁለተኛ ፋይል ይክፈት።