ከአያትሽ በፊት የእናትሽን ዕድሜ ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእናትሽ አባት ፊንላንዳዊ ነበሩ። በ60ዎቹ መጨረሻ ለሥራ አዲስ አበባ መጥተው አያትሽን በሕግ አገቡ። እናትሽ በ1972 ተወለደች፤ ፊንላንድ ኖራ አታውቅም፣ የፊንላንድ ፓስፖርትም ይዛ አታውቅም። አንቺ የ1999 ልጅ ነሽ፣ የ16 ዓመት ወንድም አለሽ። «በአያት ዜግነት ይገኛል ወይ? አንድ ሰው እጨርስልሻለሁ ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል» ነው ያልሽው። (ዓመቶቹን እንዳንቺ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይገባሻል።)

ለሰውዬው ገንዘብ እንዳትሰጪ። ፊንላንድ በአያት ብቻ ዜግነት አትሰጥም። ዜግነት ከወላጅ ወደ ልጅ ነው የሚወርደው፣ አያት ዘሎ አይመጣም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አያትሽ ማን ነበሩ የሚለው አይደለም። አንቺ በተወለድሽበት ቀን እናትሽ የፊንላንድ ዜጋ ነበረች ወይ? እሱ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት አንድ ቁጥር አለ፤ 22።

ይህን ቁጥር እኔ ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። በወንድሜ ነው የተማርኩት።

አባታችን ፊንላንዳዊ ነበር። ፊንላንድ በአማራ ክልል የገጠር ውኃ ፕሮግራም በ1994 ስትጀምር ነው ባህር ዳር የመጣው። እናታችንን እዚያው ማዘጋጃ ቤት ፈርሞ አገባ። ወንድሜ በ1997፣ እኔ በ2000 ተወለድን። አባትና እናት ተጋብተው ስለነበር ሁለታችንም ስንወለድ ጀምሮ የፊንላንድ ዜጎች ነን፤ አባቴም በጊዜው ፊንላንድ መዝገብ ላይ አስገብቶናል። የምንኖረው ኢትዮጵያ ስለሆነ ለደብዳቤ የእናቱን አድራሻ ሰጠ። ፊንላንድ፣ ኦውሉ ከተማ ያለችውን የአያታችንን፣ ሙሞ የምንላትን። ከዚያ አባቴ ታመመ፣ አገሩ ሄዶ ታከመ፣ አልተመለሰም። እኛ ባህር ዳር ከእናታችን ጋር አደግን። ፊንላንዳዊ መሆናችን የሚታወሰን ሙሞ ለገና የምትልከው ፖስታ ካርድ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ሕጉ እንዲህ ይላል። የፊንላንድ ዜጋ ሆነህ ሌላም ዜግነት ካለህ፣ 22 ዓመት ሲሞላህ ከፊንላንድ ጋር በቂ ትስስር ከሌለህ ዜግነቱ ይወድቃል። ውሳኔ የለ፣ ጥሪ የለ። በልደትህ ቀን በራሱ ይወድቃል። ትስስር የሚባለው ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም። ፊንላንድ ወይም ሌላ የኖርዲክ አገር በድምሩ 7 ዓመት መኖር ይበቃል። እሱ ከሌለ 18 ከሞላህ በኋላ፣ 22 ሳይሞላህ፣ የፊንላንድ ፓስፖርት ማመልከት ወይም «ዜግነቴን ማቆየት እፈልጋለሁ» ብሎ በጽሑፍ ለኤምባሲው ማሳወቅ ነው። ወታደራዊ አገልግሎታቸውን የሰጠም ይቆጠርለታል። በቃ፣ አንዲት ወረቀት ማለት ነው።

መንግሥታቸው ደግሞ አድራሻህን ካወቀ ያስታውስሃል። ለወንድሜም ደብዳቤ ልከው ነበር። ሙሞ ቤት ነዋ የደረሰው! ሙሞ ደግሞ የሰው ደብዳቤ አትከፍትም። በእነሱ አገር ያስነውራል። «ሲመጣ እሰጠዋለሁ» ብላ የአባቴ ፎቶዎች ያሉበት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ታኅሣሥ 2019 ላይ ሙሞን ወደ አረጋውያን ማረፊያ ሊያዛውሩ ዕቃዋን ሲሰበስቡ የአጎቴ ልጅ አገኘችውና በዋትስአፕ ፎቶ አንስታ ላከችልን። ፖስታው እንደታሸገ ነበር።

ደነገጥን፣ ከዚያ ደግሞ ተንፈስ አልን። የወንድሜ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የትውልድ ዓመት 1998 ነው የሚለው። 22 የሚሞላው መስከረም 2020 ነው፤ ገና ዘጠኝ ወር አለ ብለን አሰብን። ጥር ላይ አዲስ አበባ ወጥተን ኤምባሲው ሄድን። የተቀበለችን ሴትዮ መዝገቡን ከፍታ አየች፣ እንደገና አየች፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። 14.9.1997። አራት ወር አልፎታል።

ወንድሜ የተወለደው በኛ አቆጣጠር መስከረም 4 ቀን 1990 ነው። አባቴ ሲያስመዘግበው በትክክል 1997 ብሎ አስመዝግቧል። እኛ ጋ ፓስፖርት ሲወጣለት ግን ልደት ካርዱን የተረጎመው ሰው በደፈናው 8 ጨመረበት። 1990 ሲደመር 8፣ 1998። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ልዩነቱ 7 መሆኑን ረሳው። ወንድሜ በገዛ አገሩ ቁጥር ዕድሜውን አሳምሮ ያውቃል፤ የፈረንጅ ነገር ሲሆን ግን ፓስፖርቱን ነበር የሚያምነው። እስከዛሬ ጳጉሜን በመጣ ቁጥር «ያ አስተርጓሚ የት ይሆን» ይላል።

እኔ 19 ዓመቴ ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ወረቀቷን ጻፍኩ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፊንላንድ መለያ ቁጥር፣ ማቆየት እፈልጋለሁ፣ ፊርማ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ያየኝ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

አያቶችሽ ተጋብተው ስለነበር እናትሽ ስትወለድ የፊንላንድ ዜጋ ናት ብዬ ነው የማስበው። ግን 22 የሞላት በ1994 ነው። በዚያን ጊዜ የነበረውም ሕግ ውጭ ተወልዶ ፊንላንድ ኖሮ የማያውቀውን፣ ሌላ ዜግነት ያለውን ሰው በ22 ዓመቱ ይሰርዝ ነበር። አንቺ ከአምስት ዓመት በኋላ ተወለድሽ። ያኔ እናትሽ ዜጋ ካልነበረች ላንቺ የሚተላለፍ ነገር አልነበራትም። ይህን ግን እኔም ሆንኩ ያ ሰውዬ አንወስንም። የፊንላንድ ኢሚግሬሽን፣ በአጭሩ ሚግሪ የሚሉት፣ «የዜግነቴን ሁኔታ ወስኑልኝ» የሚል ማመልከቻ ይቀበላል። እናትሽ መጀመሪያ እሱን ታስገባ። አያትሽ ምናልባት ልጅ ሳለች ይዘዋት ሄደው ኖራ ከሆነ፣ ወይም እኛ የማናውቀው ወረቀት መዝገቡ ውስጥ ካለ፣ ነገሩ ይለወጣል።

ዜግነቷ ወድቆ ከተገኘ ደግሞ አትደንግጡ። የቀድሞ የፊንላንድ ዜጋ በማሳወቂያ መልሶ ማግኘት ይችላል። ማሳወቂያ የምለው ከተራው የዜግነት ማመልከቻ የተለየ ነው። ፊንላንድ ኑር አይልም፣ ቋንቋ ቻል አይልም፣ ዕድሜም አይገድብም። ወንድሜ የተመለሰው በዚህ ነው። ኮሮና ስለገባበት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት እንጂ እንቢ አላሉትም። እናትሽም በዚሁ መንገድ ትሄዳለች።

እሷ ብትመለስም ግን ላንቺ አይተላለፍም። የተመለሰው ዜግነት ከውሳኔው ቀን ይጀምራል እንጂ ወደ ኋላ ሄዶ 1999ን አይነካም። ይህን ስጽፍ ደስ አላለኝም፣ ግን ሰው ደልሎሽ ሁለት ዓመት ከምትጠብቂ ዛሬ ብታውቂው ይሻላል።

ወንድምሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ18 በታች ያለ፣ ያላገባ፣ በእናትሽ አሳዳጊነት ስር ያለ ልጅ በእናቱ ማሳወቂያ ላይ አብሮ መግባት ይችላል። ዕድሜው ከ15 በላይ ስለሆነ የራሱንም ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ከወዲሁ አነጋግሩት። የፊንላንድ ወንድ ዜጋ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ የግዴታ ውትድርና እንዳለበት ንገሩት። ውጭ የሚኖር ብዙ ጊዜ ሊታለፍ ይችላል፣ ግን አያውቅም ነበር እንዳይባል። 18 ከሞላው እሱም እንዳንቺ ይሆናል። እኔ ብሆን የቀረውን ሥራ ሁሉ ትቼ የዚህን ልጅ ነገር ነው የማስቀድመው።

ላንቺ የቀረው በር የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ከአያቶቹ አንዱ በትውልድ የፊንላንድ ዜጋ የሆነ ወይም የነበረ ሰው በዘሩ ምክንያት የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ሥራ ወይም ትምህርት ቤት ሳታገኚ በአያትሽ ስም ብቻ የሚከፈት በር ነው፣ አትናቂው። ከዚያ በኋላ ግን እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ከጥቅምት 2024 ወዲህ ለዜግነት በመደበኛው 8 ዓመት መኖር ያስፈልጋል፣ ድሮ 5 ነበር። ፊንላንድኛ ወይም ስዊድንኛም ይፈተናሉ። ፊንላንድኛውን ሞክሬዋለሁ። አንድ ስም ከአሥራ አምስት በላይ መልክ አለው። ስዊድንኛውን እዪው ብዬ ብቻ ልለፍ።

ስለ ወረቀት። ከሁሉ የሚያደክመው ስም ነው። አባቴ ቲሞ ይባላል። ፊንላንድ መዝገብ ላይ እኔና ወንድሜ ያለነው በቤተሰብ ስሙ ነው። ቀበሌ ግን በአገሩ ደንብ የአባት ስም ቲሞ፣ የአያት ስም ደግሞ የቲሞን አባት ጽፎልናል። የቤተሰብ ስማችን ልደት ካርዱ ላይ የትም የለም! በወረቀት ሲታይ ሌላ ሰዎች ነን። ያዳነን የእናቴ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። እሱ ላይ የአባቴ ሙሉ ስም ከነፓስፖርት ቁጥሩ ተጽፎ ነበር። የእናትሽም ካርድ እንዲሁ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ስለዚህ የአያቶችሽን የጋብቻ ወረቀት አሁኑኑ ፈልጉ። ከጠፋ የተጋቡበት ቤተ ክርስቲያን ወይም ማዘጋጃ ቤት ግልባጭ ጠይቁ።

የአያትሽን ወገን ማስረጃ ማግኘት እንኳ ይቀላል። በእነሱ አገር የሕዝብ መዝገብ ለብዙ ዘመን ሲይዙ የኖሩት የሉተራን አጥቢያዎች ናቸው፤ ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ወዴት እንደሄደ ሳይቀር ጽፈውታል። አያትሽ የተወለዱበትን አጥቢያና ቀን ካወቅሽ ማስረጃ መጠየቅ ትችያለሽ። አንዳንዱ «ወደ ኢትዮጵያ ሄደ» የሚል ማስታወሻ ሁሉ አለበት። እኛ ጋ የሚወጡት ወረቀቶች ግን ከወሳኝ ኩነት ወጥተው፣ ተተርጉመው፣ ተረጋግጠው፣ ውጭ ጉዳይ ማኅተም ተመትቶባቸው ነው ኤምባሲው የሚያያቸው። አንድ ሳምንት ሰልፍ ብለሽ አስቢው። ኮፒ ሳታስቀሪ ምንም አታስገቢ።

የኛ አገር ሕግ ነገር አለ። ፊንላንድ ከሰኔ 2003 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች። ኢትዮጵያ አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይቺ ዓመት በኛ አቆጣጠር ናት) መሠረት በፈቃዱ ሌላ ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። ወንድሜ የፊንላንዱን መልሶ ሲያገኝ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን መልሷል፤ አሁን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ይዞ ነው ባህር ዳር የሚሠራው። ቪዛ የለበትም፣ የሥራ ፈቃድም አይጠየቅም፣ አይመርጥም እንጂ። እናትሽ በስሟ ቤት ወይም ቦታ ካላት ከመፈረሟ በፊት የሕግ ሰው ታማክር። ከ50 ዓመት በላይ የሆናት ሴት «ሞክሪው» ተብላ የምትገባበት ነገር አይደለም፣ ፈልጋ ይሁን።

ሌላ ሰው ይህን ሊያነብ ስለሚችል አንዲት ነገር ልጨምር። ፊንላንዳዊው ወላጅ እናት የሆነችላችሁ፣ ከመስከረም 1984 በፊት ተወልዳችሁ አባታችሁ ባዕድ ከነበረና ተጋብተው ከሆነ፣ ያኔ እናት ለልጅ አታስተላልፍም ነበር። በእናት በኩል መተላለፍ የጀመረው በፈረንጅ ከመስከረም 1 ቀን 1984 ነው። እናንተ እኔ ከጻፍኩት ለየት ያለ መንገድ ነው ያላችሁ፣ ሚግሪን በቀጥታ ጠይቁ።

አንቺ ግን ዛሬ ማታ የወንድምሽን ልደት ካርድ አውጪ። የተወለደበትን ቀን በኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ደግሞ በፈረንጅ ኢንቦክስ ላኪልኝ፣ እኔ ራሴ እቆጥረዋለሁ። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተወለደ ከሆነ ሳትቆዪ ላኪው።