ድሩ የማን ነው? የሸረሪት ወይስ የሸማኔ?

ጥያቄ፦ ጅማ ቆጪ ነው የምንኖረው። ክረምቱ ሲወጣ ጓሯችን ጉድ ታየ። አጥሩንና ሁለት የቡና ዛፎችን አንድ ነጭ ድር ሸፈናቸው። ውስጡ ያለው ሸረሪት ለቁጥር ያስቸግራል። እናቴ አይታ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነዋ!» አለች። ወንድሜ ደግሞ «ተረቱ ስለ ሸረሪት አይደለም» ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ? ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው ስለሆነ ይህንንም ይንገሩኝ፦ ሸረሪት ድር «ሠራች» ነው ወይስ «አደራች»?

መልስ፦ እስቲ ተረቱን ቀስ ብለው ያንብቡት። ድር አለ፣ ማበር አለ፣ አንበሳ አለ፣ ማሰር አለ። ሸረሪት የለችም። ፈረንጆቹ «የኢትዮጵያውያን አባባል» እያሉ ሲጠቅሱት ነው «የሸረሪት ድር» የሚያደርጉት። አሁን አሁን እኛም ስንሰማው ሸረሪቷ ትታየናለች።

በአማርኛ ድር ብቻውን ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣው የሸማኔው ነው። በርዝመቱ የሚወጠረው ፈትል ድር ነው፤ በመወርወሪያ አግድም የሚገባው ማግ። የሸረሪቷን ስንፈልግ «የሸረሪት ድር» ብለን ባለቤቷን እንጠራለን።

እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። ጎረቤታችን ሸማኔ ነበሩ። አንድ ቀን ድር ሲያደሩ ተጠግቼ አንዷን ክር ሳብኳት፤ ብጥስ አለች። ይመቱኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ እፍኝ ክር አስጨብጠውኝ «በል እስቲ ይህን በጥስ!» አሉኝ። ክሩ አልተበጠሰም፤ መዳፌ ግን ተላጠ። ተረቱን ያኔ ነው የገባኝ። ስለዚህ ወንድምዎ ልክ ነው እላለሁ። (በነገራችን ላይ «ያስራል» ሳይሆን «ያስር» የተባለው ለቤት መምቻ ብቻ አይደለም። ያለ «አል» ዓረፍተ ነገር መዝጋት የጥንቱ አማርኛ ወግ ነው። ተረቶቻችን ይዘውት ቀርተዋል።)

እናትዎን ግን ባዶ እጃቸውን አልሰዳቸውም። ነገሩ ያለው «ማበር» ላይ ነው። አበረ ከግእዙ ኀብረ የመጣ ነው፤ የኅብረትና የማኅበር ዘመድ። አንድ ቦታ መገኘት ብቻውን ማበር አይባልም። በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፓኪስታን በጎርፍ ስትጥለቀለቅ፣ ሲንድ በተባለው ክፍለ ሀገር ሸረሪቶች ከውኃው ሸሽተው ዛፍ ላይ ወጡ። ዛፎቹ በድር ተጀቡነው የስኳር ጥጥ መስለው ነበር። እነዚያ ተጠጋጉ እንጂ አበሩ አልልም። በአልባኒያና በግሪክ ድንበር ካለ አንድ ዋሻ ውስጥም ከ100 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ድር ተገኝቷል። ከ100,000 በላይ ሸረሪት ይኖርበታል። የሚገርመው፣ እዚያ ያሉት ሁለት የሸረሪት ዝርያዎች ሌላ ቦታ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። እሱንም ጉርብትና ብለው ይሻለኛል። በደቡባዊ አፍሪካ ግን አንድ ጎጆ ውስጥ ተወልደው፣ አብረው አድነው፣ የእህታቸውን ልጆች ሳይቀር የሚያበሉ ሸረሪቶች አሉ። አበሩ ማለት ይህ ነው። ከ50,000 በላይ ከሚሆኑት የሸረሪት ዝርያዎች እንዲህ የሚኖሩት በጣም ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ቢገናኙ ይበላላሉ!

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። ደብዳቤዎ ውስጥ «ውስጡ ያለው ሸረሪት ለቁጥር ያስቸግራል» ብለዋል፤ እኔ ደግሞ «ሸረሪቷ» እያልኩ ነው። ሁለታችንም አልተሳሳትንም። አማርኛ ትንሿን ነገር በሴት ይጠራል። ጥግ ላይ ያለችውን «እቺን ሸረሪት ጥረጊያት» እንላለን። ጸጉራሙ ትልቁ አልጋ ላይ ሲወጣ ግን «ኧረ ይሄ ሸረሪት!» ብለን እንዘላለን። ድንጋጤ ፆታ ይለውጣል። ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣም «ሸረሪት ሸናብኝ» ይባላል። ምስኪን፣ ስሟ በከንቱ ነው የጠፋው። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያቃጥለው ሰው ሳያውቅ ቆዳው ላይ የጨፈለቃት ትንሽ ጥንዚዛ ፈሳሽ ነው።

ወደ ግሱ ስንመለስ፣ «አደራች» ይበሉ። «ሠራች» ስህተት ባይሆንም ለዛ የለውም። ማድራት የሸማኔና የሸረሪት የጋራ ግስ ነው። ሰው የማይገባበትን ቤት «ሸረሪት አድርቶበታል» የምንለው ለዚህ ነው። «አደራ አለብኝ» ከምንለው ጋርም አይምታታብዎ። በግሱ «ራ» ይጠብቃል፣ በስሙ ይላላል።

ፎቶው ላይ ሲጽፉ ግን ይጠንቀቁ። ብዙ ናቸው ብለው «አጥራችን ላይ ሸረሪቶች አደሩ» ቢሉ፣ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላት ስለማያሳይ አንባቢው ሌሊቱን እዚያ ያሳለፉ ይመስለዋል። በነጠላ «አጥራችንን ሸረሪት አደራበት» ይበሉት። ያም ሆኖ ሌሊቱን እዚያው ማሳለፋቸው አይቀርም።