ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ስፖርት ሥሪ ብለው ሸኙኝ፤ ምን እንደምሠራ ግን የነገረኝ የለም»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ዕድሜዬ 46 ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የቢሮ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። ያደግሁት ገጠር ነው። ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም፣ ትምህርት ቤት በእግሬ ስመላለስ ድካም የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። አሁን ገበያ እንኳ በባጃጅ ነው የምሄደው። ክብደቴ 78 ኪሎ ደርሷል፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ቦርጭ አውጥቻለሁ፣ ደረጃ ስወጣ ያለከልከኛል፣ ግራ ጉልበቴንም ያመኛል። በቅርቡ ስመረመር ግፊቴ 138 በ88፣ በባዶ ሆዴ የተለካው ስኳር ደግሞ 112 ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት አልታዘዘልኝም። «ስፖርት ሥሪ» ብለው ሸኙኝ። ጂም ልግባ ወይስ ጠዋት ልሩጥ? የሥራ ባልደረቦቼ በቀን 10,000 እርምጃ ካልሄድሽ ዋጋ የለውም ይሉኛል። ቦርጩን ለማጥፋት ሆዴን በላስቲክ ጠቅልዬ ሲታፕ ብሠራስ? ጾምም እጾማለሁ፤ ሁዳዴ ላይ እንዴት ይሆናል? እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉ የከበደኝ በዚህ ዕድሜዬ ቱታ ለብሼ ስወጣ ሰው የሚለኝ ነገር ነው።

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ልጅ ሆነው ጠንካራ የነበሩት ስፖርት ስለሠሩ አልነበረም። ኑሮው ራሱ ያንቀሳቅስዎት ነበር። አሁን የጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ የምመክርዎ አዲስ ነገር እንዲጀምሩ ሳይሆን የጠፋውን እንቅስቃሴ በትንሽ በትንሹ ወደ ቀንዎ እንዲመልሱ ነው። እንስራ ተሸክሞ ዳገት መውጣቱን ማለቴ ግን አይደለም። ያ ሥራ የብዙ እናቶቻችንን ወገብና ጉልበት ጎድቷል፤ በመቅረቱ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንይ። ደም ግፊት አለ የሚባለው በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የእርስዎ ጠርዙ ላይ ነው። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በድጋሚ ምርመራም ሲረጋገጥ የስኳር ሕመም ይባላል። 112 ስኳር ሕመም አይደለም፤ ጤናማ ነው ማለትም አይቻልም። እኛ ቅድመ ስኳር የምንለው ደረጃ ነው። ከዚህ ደረጃ መመለስ ይቻላል፤ ለዚህ ነው ደብዳቤዎን በጊዜ በመጻፍዎ ደስ ያለኝ።

ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ደረጃ ላይ ያሉ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንደኛው ቡድን በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ አመጋገቡን እንዲያስተካክልና ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስ ታገዘ። በዚህ ቡድን ወደ ስኳር ሕመም የመግባት ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን መድኃኒት የወሰዱት ላይ የቀነሰው 31 በመቶ ነው። ብዙዎቹ የሠሩት «ስፖርት» ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነበር። በእርስዎ ክብደት 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ሃያ ኪሎ ቀንሱ ያለዎት የለም።

እንግዲህ ዋናው ሥራዎ እርምጃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። 30 ደቂቃው በአንድ ጊዜ ካልሆነ አይባልም። አሥር አሥር ደቂቃ እየተከፋፈለም ይሠራል።

መካከለኛ ማለት ምን ያህል ነው? እየሄዱ ከጓደኛዎ ጋር ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነው። መዝፈን ከቻሉ ትንሽ ይፍጠኑ። ማውራትም ካቃተዎት ቀስ ይበሉ። ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግዎትም።

10,000 እርምጃ የሚባለው ቁጥር ከሕክምና ምርምር የመጣ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ የማስታወቂያ ስም ነው የተነሣው። ከዚያ በጣም ያነሰ እርምጃም ይጠቅማል። አሁን በቀን 3,000 የሚሄድ ሰው 5,000 ቢያደርሰው ብዙ አተረፈ። ባልደረቦችዎ ክፉ አስበው አይደለም፤ ግን «ካልሞላሽ ዋጋ የለውም» የሚለው ቃል ስንቱን ሰው ገና ሳይጀምር አስቀምጦታል።

አጀማመሩ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ ይራመዱ። ከምግብ በኋላ መራመድ ስኳሩ ወዲያው እንዳይወጣ ይረዳል፤ ለእርስዎ ይህች አሥር ደቂቃ ከሁሉ ትበልጣለች። 11 ሰዓት ተኩል ከቢሮ ሲወጡ ባጃጁን አይያዙ፤ ከያዙም ሠፈርዎ ሳይደርሱ ይውረዱና የቀረውን በእግርዎ ይጨርሱ። ከዚያ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እየጨመሩ ይሂዱ። ጠዋትን ከመረጡ ፀሐይ ትውጣ። የማርቆስን የንጋት ብርድ ያውቁታል፤ በጨለማ ደግሞ ውሻም አለ፣ ጉድጓድም አለ። ቢሮ ውስጥም በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ፋይል በተላላኪ አያስመጡ፤ ራስዎ ሄደው ያምጡት።

ከተማችሁ ዳገትና ቁልቁለት አላት። ዳገቱ ለልብና ለጭን ጡንቻ ጥሩ ነው። ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው፤ ሲወርዱ አጠር አጠር ባለ እርምጃ ቀስ ብለው ይውረዱ። የሚረግጡት ደግሞ ለስላሳ ሶል ባለው፣ በተሸፈነ ጫማ ይሁን። ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። በጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ሊይዘው ይችላል። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል።

ሩጫውን ለጊዜው ይተዉት። በ78 ኪሎና በሚያም ጉልበት መሮጥ ትርፉ ሕመም ነው። ለጉልበትዎ የሚበጁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ክብደት መቀነስ ነው፤ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀላል። ሁለተኛው የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ብዙ ሴቶች ይህን ይዘሉታል። ጡንቻ የወንድ ነገር አይደለም። ከ40 ዓመት በኋላ ጡንቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ የወር አበባ ሲቋረጥ ደግሞ አጥንትም ይሳሳል። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን ማሠራት ሁለቱንም ይጠብቃል፣ ስኳሩንም ይቀንሳል።

የሚሠሩት በቤት ዕቃ ነው። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ላይ ያስደግፉ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ ቀስ ብለው ይነሡ። ይህን ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ያድርጉ፣ አረፍ ብለው ይድገሙት። ጉልበትዎን ካመመዎት ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት። ቀጥሎ ግድግዳ ፊት ቆመው በሁለት እጅዎ ግድግዳውን እየገፉ ፑሻፕ ይሥሩ። ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው በእግር ጣትዎ ቆመው ተረከዝዎን ያንሡ፣ ያውርዱ። መጨረሻ ላይ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተው በየእጅዎ አንዳንድ ይያዙና ቀጥ ብለው ግቢውን ይዙሩ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ማክሰኞና ቅዳሜ ቢያደርጉት ከረቡዕና ከዓርብ ጾም ጋር አይጋጭብዎትም። ጂም ቅርብ ከሆነና ገንዘቡ ካለ መልካም ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም።

ላስቲኩን ይጣሉት። ላስቲክ የሚያወጣው ላብ ነው፣ ስብ አይደለም። ውሃ ሲጠጡ ክብደቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰውነትዎ ከመጠን በላይ ሊግልና ሊዞርብዎትም ይችላል። ሲታፕም ከስቡ ሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ላዩ ላይ ያለውን ስብ አያጠፋም። ቦርጭ የሚቀንሰው ሰውነት በሙሉ ሲቀንስ ነው። ከሚዛን ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይመኑ። የወገብ ልክ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል። በእርስዎ ቁመት 80 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በወር አንድ ጊዜ ይለኩት።

አሁን ወደ ከበደዎ ነገር ልምጣ። ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ቀላል ነገር ነው ብዬ አላልፈውም። ብዙ ሴት ታካሚዎች መድኃኒት ስጠን ይሉናል፤ መንገድ ላይ ከመታየት ኪኒን መዋጥ ይቀላቸዋል። ግን ቱታ ማን አዘዘዎት? በቀሚስዎና በነጠላዎ፣ ከሥር ስኒከር አድርገው መራመድ ይችላሉ። አንዲት ጎረቤት ይዘው ይውጡ። ማኅበር ወይም እቁብ ካላችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተነጋገሩበት። እየተጫወቱ ለሚሄዱ ሴቶች ማንም ዞሮ አያይም፤ ብቻዎን ቢሆኑ የሚያስቀሩትን ቀን ደግሞ ጓደኛዎ በር አንኳኩታ ታስወጣዎታለች።

ሌላም ነገር አለ። አልጻፉትም እንጂ ከቢሮ ሲመለሱ ጓዳው እንደሚጠብቅዎት እገምታለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ ይህን ግማሽ ሰዓት ሊሰጡዎት ይገባል። ሽንኩርቱን ልጆቹ ይክተፉ፤ ወንድ ልጅም ይክተፍ። እናት ታማ ብትተኛ የሚቸገረው ቤቱ በሙሉ ነው። የምርመራ ወረቀትዎን ያሳዩዋቸውና በግልጽ ይንገሯቸው።

ክረምት ሲገባ ጭቃው መንገድ ይዘጋል። ያን ጊዜ በሩን ዝጉና ሙዚቃ ከፍታችሁ እስክስታ ምቱ። አሥር ደቂቃ የጎጃም እስክስታ ልብን እንዴት እንደሚያሠራ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ስለ ጾም። እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ከዚያ በፊት ቀለል ያለ እርምጃ ብቻ ይሁን። ጡንቻ የሚያሠራውን ምግብ ከበሉ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ያድርጉት። ዞር ካለብዎት ወይም እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ይቀመጡ። ሲፈቱ እንጀራውን ብቻ አያብዙ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና የአገራችሁ ግብጦ ጡንቻ የሚገነባ ምግብ ናቸው፤ ግብጦውን ግን መራራው እስኪለቅ በደንብ ይዘፍዝፉት። ስግደትም መላ ሰውነት ያንቀሳቅሳል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይሰግዱ ቆይተው ስቅለት ዕለት ግን በአንድ ጊዜ አያብዙት። ጉልበትዎን እንዳያምዎት ከሥር ወፈር ያለ ነገር ያንጥፉ፣ ለንስሐ አባትዎም ሕመምዎን ይንገሩ። ይህን የሚያነቡ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ታማሚዎች ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ጾመው እንቅስቃሴ አይሥሩ፤ ስኳር በድንገት ወርዶ ራስ ሊያስት ይችላል።

ስለ ምግቡ ባጭሩ፦ የሻይ ስኳሩን በግማሽ ይቀንሱ። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባው ጨውም ከዚያው ይቆጠራል። አረቄና ጠላ ግፊትም ክብደትም ይጨምራሉ። ድግስ ላይ «በሞቴ» ሲባሉ ትንሽ ጎርሰው ያመስግኑ።

እየተራመዱ ደረትዎን ከተጫነዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት፣ ወይም ራስዎን ሊስቱ ከደረሱ ወዲያው ያቁሙና ሐኪም ቤት ይሂዱ። በልጅነቱ የቶንሲል መዘዝ ልቡን ነክቶታል የተባለ ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ልቡን ይታይ።

ግፊቱን በሚመጡት ሳምንታት ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ ቀን ያስለኩ። ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። አምስት ደቂቃ ጀርባዎን ተደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ ይቀመጡ፤ ሲለኩም አይናገሩ። ውጤቱን ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉ። ስኳሩን በባዶ ሆድ ከሦስት ወር በኋላ ያስደግሙና ደብተሩን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይቅረቡ።