ለሰበታዋ እህቴ፣ ስለ መቆሚያው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ማታ ልጄን አገላብጬ ካስተኛሁት በኋላ ነው። 3 ዓመት የሞላት ልጅሽ በስፓይና ቢፊዳ (የጀርባ አጥንት ማህፀን ውስጥ ሳይዘጋ ሲቀርና ነርቩ ሲጎዳ) ተወልዳ ጀርባዋ በቀዶ ጥገና እንደተዘጋ፣ ከወገቧ በታች ግን እንደማይታዘዛት ጽፈሻል። ፊዚዮቴራፒስቱ ልጅን በማሰሪያ ደግፎ ቀጥ አድርጎ በሚይዘው ዕቃ፣ «በመቆሚያ አቁሚያት» ሲልሽ አማትሽ «አጥንቷን ትሰብሪያታለሽ» አሉሽ፤ አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ደግሞ ጎማ ያለው መቆሚያ ልላክ ብሎሻል። መቆሙ ይጠቅማታል ወይ፣ የቱን ልያዝ፣ ትሄዳለች ወይ ነው ያልሽው።

እኔ ቡራዩ ነኝ፣ ወደ ገፈርሳ ሲኬድ። ወንዱ ልጄ አሁን 8 ዓመቱ ነው፣ እሱም እንደ ልጅሽ ነው የተወለደው። ከ2 ዓመቱ ጀምሮ ይቆማል፤ መሀል ላይ 7 ወር አቋርጠን ነበር፣ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትንና ከባለሙያዎች እየጠየቅኩ የተማርኩትን ነው የማካፍልሽ።

ትሄዳለች ወይ ከሚለው ልጀምር፣ የሚያስጨንቅሽ እሱ እንደሆነ ስለማውቅ። እኔም መቆሚያውን የተቀበልኩት የመሄጃ መጀመሪያ መስሎኝ ነው። ቆሞ ቆሞ አንድ ቀን እግሩን ያነሳል ብዬ ዓመት ሙሉ እግሩን ስጠብቅ ኖርኩ። ጸበልም ተመላልሰናል፣ አሁንም እንሄዳለን። በኋላ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። መሄድ አለመሄዱን በዋናነት የሚወስነው ነርቩ ጀርባው ላይ የተጎዳበት ከፍታ ነው። ጉዳቱ ዝቅ ብሎ ወገብ ላይ ከሆነና የፊተኛው የጭን ጡንቻ ሠርቶ ልጁ ጉልበቱን በራሱ መዘርጋት ከቻለ፣ በብሬስ (እግር ላይ በሚታሰር ድጋፍ) እና በክራንች የመሄድ ተስፋው ጥሩ ነው። ጉዳቱ ወደ ደረት ከፍ ካለ ግን በልጅነታቸው በረጅም ብሬስ ቢንቀሳቀሱም፣ ጎርመስ ሲሉ ሰውነታቸው እየከበደ ብዙዎቹ ዊልቸር ይመርጣሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «ጉልበቷን ራሷ ትዘረጋለች ወይ? ጉዳቷ የትኛው አጥንት ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በካርዷ ላይ አስጽፊው። የኔ ልጅ ጉልበቱን አይዘረጋም። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ግን ከዚያ በኋላ ነው መቆሙን በትክክለኛ ዓይን ያየሁት። ለመሄድ ስል ባቆመው ኖሮ እስካሁን ተስፋ ቆርጬ ትቼው ነበር።

ታዲያ የማይሄድ ልጅ ለምን ይቆማል? አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲያርፍበት ነው። የተቀመጠ ልጅ እግር እየሳሳ ይሄዳል። በተጨማሪም ልጆቻችን ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጥፈው ስለሚውሉ ዳሌና ጉልበታቸው እንደታጠፈ ይቀራል፣ ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ታች ይሾላል፤ አንዴ ከደረቀ በኋላ ለማቃናት ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። መቆም ያንን ይዘረጋዋል። ሌላው ሆድ ነው። ልጄ 4 እና 5 ቀን ሆዱ ሳይፈታ ይቆይ ነበር፣ ተልባው ሁሉ ተሞክሯል። በየቀኑ መቆም በጀመረ በ2ኛው ወር ላይ ለውጡን አየሁት። ተልባውንና ውሃውን አልተውንም፣ ግን መቆሙ ረድቶታል ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ የትኛውም ሐኪም የማይጽፈው። መጀመሪያ ቀን ስናቆመው ዝም ብሎ ቡፌውን አየ። ከዚያ «ብስኩቱን እዚያ ነው የምትደብቁት?» አለኝ። 2 ዓመት ሙሉ ቤቱን ከወለል ነበር ያየው።

አሁን ወደ አማትሽ ፍርሃት። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፣ እባክሽ አትቆጫቸው። የልጆቻችን አጥንት በርግጥ ስስ ነው፣ በተለይ ጭን ከጉልበት በላይ ያለው። የኔ ልጅ በ4 ዓመቱ ለእግሩ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ለሳምንታት ጄሶ ውስጥ ቆየ። ጄሶው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ጭኑ አበጠ፣ ጋለ፣ ትኩሳትም አለው። አላለቀሰም፣ ስሜት የለውማ። አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ «ኢንፌክሽን ነው» ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። ከ3 ቀን በኋላ እብጠቱ ሲብስ ሌላ ቦታ ራጅ ተነሳ፣ ለካ አጥንቱ ተሰብሯል። ቤተሰቡ ሁሉ መቆሚያውን ረገመ፣ እኔም አብሬ ረገምኩት፤ 7 ወር ያቋረጥነው ያን ጊዜ ነው። የአጥንት ሐኪሙ ግን ያለኝን አልረሳውም፤ አጥንቱ የሳሳው ጄሶ ውስጥ ሳይንቀሳቀስና ክብደት ሳያርፍበት በመቆየቱ ነው፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ከጄሶ በኋላ ባሉት ሳምንታት በቀላሉ ይሰበራሉ አለኝ። እኛ ደግሞ ጄሶው እንደወጣ በቀጥታ ወደ ድሮው ሰዓት መልሰነው ነበር። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ከጄሶ በኋላ መጀመር ያለበት በጥቂት ደቂቃ፣ ባለሙያ አይቶት ነው። ሁለተኛው ትምህርት፦ ስሜት በሌለው እግር ላይ እብጠትና ሙቀት ካየሽ ራጅ ሳይነሳ «ኢንፌክሽን ነው» የሚል መልስ ይዘሽ አትመለሺ።

ከመቆሟ በፊት ባለሙያው ማየት ያለበት ነገር አለ። የዳሌዋ ሁኔታ፣ ጉልበቷና ዳሌዋ ምን ያህል እንደታጠፈ፣ የጀርባዋ ጉብጠት። የታጠፈን ጉልበት በማሰሪያ ጨቁኖ ማቃናት ክልክል ነው።

ስለ ዕቃው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብና ብዙ ልብ የሚባክነው። ለኛም ከውጭ ዘመድ ያገለገለ መቆሚያ ላከልን፣ ብረት፣ የሚያብረቀርቅ። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየው። የ10 ዓመት ልጅ ልክ ነበር። ስፖንጅ ጠቅጥቀን፣ ፎጣ ጠቅልለን አስገባነው። በ3ኛው ቀን ጉልበቱ ላይ ቁስል ወጣ፣ ለመዳን 2 ወር ፈጀ። ዕቃው መጥፎ አልነበረም፣ የሱ ልክ አልነበረም እንጂ። ስለዚህ ወንድምሽ ከመግዛቱ በፊት ልኳን ይጠይቅሽ፦ ከተረከዝ እስከ ጉልበት፣ ከተረከዝ እስከ ዳሌ፣ ከተረከዝ እስከ ብብት፣ የደረቷ ስፋት፣ ክብደቷ። ይህን ካላገኘ ገንዘቡን ይላክልሽ።

እኛ በመጨረሻ የቆምንበት የሰፈራችን አናጢ የሠራው ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ልኩን ለክታ በወረቀት ሣለችልን፣ እሳቸው በወፍራም ኮምፔርሳቶ ሠሩት። ሰፊ መሠረት አለው፣ እንዳይገለበጥ። የእግር መርገጫው በቡሎን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሲያድግ እንዲያገለግል። ጉልበቱ ጋ መደገፊያ፣ ዳሌው ጋ ሰፊ ቀበቶ፣ ደረቱ ጋ ሌላ፣ ከፊት በክርኑ ልክ ጠረጴዛ። የጉልበቱ መደገፊያ የጉልበቱን ሎሚ እንዳይጫነው መሀሉ ጎድጎድ ብሏል። ይቺ ትንሽ ጉድጓድ ናት ከውጭ የመጣው ላይ ያጣናት። አናጢው ማሰሪያውን ከብስክሌት ከመነዳሪ (ከጎማው የውስጥ ላስቲክ) ሊሠሩት ነበር፣ ይለጠጣል ብለው። ፊዚዮቴራፒስቷ ከለከለች። ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸውን ብዙ ልጆች ላቴክስ የሚባለው ጎማ አለርጂ ይሆንባቸዋል፣ ከቀዶ ጥገና ጓንት ጀምሮ ተደጋግሞ ስለሚነካቸው። ፊኛም ጭምር ነው፣ ልደት ላይ ተጠንቀቂ። ማሰሪያውን ከሻንጣ ቀበቶ ሠራነው።

ጎማ ያለውን ልያዝ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ግን ሁለተኛ ይሁን። መጀመሪያ ቋሚው ላይ ትልመድ። ጎማ ያለው ልጁ ቆሞ እንደ ዊልቸር ትልልቅ ጎማዎቹን በእጁ እያሽከረከረ የሚነዳው ነው፤ ከውጭ የሚመጡት ውስጥ ራቢት የሚባለው ይታወቃል። የኛን በያጅ ነው የሠራልን፣ በሁለት የልጅ ብስክሌት ጎማና ከፊት በሚዞሩ ትንንሽ ጎማዎች፤ ኩሽኔታውን ሁለት ጊዜ ቀይረናል። ልጄ 5 ዓመቱ ነበር። ሊሾ ወለል ላይ አስቀመጥነው፣ ትንሽ ተለማመደ፣ ከዚያ ጠራሁት። አልመጣም አለኝ! ወደ ጓዳ ሸሸ። እናት ሆኜ 5 ዓመት ልጄ ከእኔ ሸሽቶ አያውቅም ነበር፣ ያስቀመጥኩት ቦታ ነው የማገኘው። እያሳደድኩት አለቀስኩ፣ እሱ ይስቃል።

ግን ሊሾ ይፈልጋል። ኮብልስቶኑ ላይ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ አይሆንም። በሩ ላይ ደፍ ካለ ይገለበጣልና ጣውላ አንጥፊበት። ከሁሉ በላይ ከሰል ምድጃና ጀበና ካለበት አርቂያት። እግሯ ቢቃጠል አታውቀውም። ቡና ስናፈላ የልጄ መቆሚያ ከረከቦቱ እጁ ከማይደርስበት ርቀት ላይ በድንጋይ ይታገዳል፣ ይህ የቤታችን ሕግ ነው።

ስዊቭል ዎከር የሚባልም አለ፣ ልጁ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ከታች ያሉት ሁለት ሳህኖች እየዞሩ የሚያራምዱት፤ እጁ ነፃ ይሆናል። የሱም ነገር ለጥ ያለ ወለል ይፈልጋል። እኛ አልሞከርነውም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ለአጥንት ሲባል ባለሙያዎች የሚጠቅሱት በቀን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። ይህን ሰምተሽ አትደንግጪ፣ የመጀመሪያ ቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። እኛ ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ የቤት ሥራ ሲሠራ 40 ደቂቃ እናቆመዋለን። ባዶ ቆሞ አይውልም፣ ምስር ይለቅማል፣ ይሥላል፣ ከአያቱ ጋር ሽንኩርት ይልጣል። ከመቆሙ በፊት ሽንቱን በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) እናወጣለታለን። ወፍራም ስፌት የሌለው ካልሲ፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ጫማ። ብቻውን ክፍል ውስጥ ቆሞ አይተውም።

ከወረደ በኋላ ልብሱን አውልቀሽ ቆዳውን እዪ፣ ጉልበት፣ ተረከዝ፣ ዳሌ አጥንት፣ የጣት ጫፍ። በኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ማለቱን እዪ፣ በእጅሽ ጀርባ ሙቀቱን፣ ጠጠር ማለቱን ዳስሺ። ምልክቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ በማግስቱ አታቁሚያት፣ ያ ቦታ የሚነካበት ነገር ይስተካከል። ይህን አንድም ቀን አልዘልም፣ መብራት ከጠፋ በስልክ መብራት አያለሁ።

የት ልሂድ ካልሽ፣ ላንቺ በዓየር ጤና አድርገሽ ዘነበወርቅ አለርት ይቀርብሻል፣ የአካል ድጋፍ መሥሪያ ክፍል ያለው ሆስፒታል ነው። በእኛ በኩል መናገሻ ላይ ቼሻየር አለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1962 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፣ ማዕከሉ በፖሊዮ ለተጎዱ ልጆች ተብሎ የተጀመረ። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ፤ ልጅ ታቅፎ ሁለት ሚኒባስ ቀይሮ ባዶ እጅ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ልጅ የምታስቢ ከሆነ ከመፀነስሽ በፊት ሐኪም አነጋግሪ። ልጅ ለምታስብ ማንኛዋም ሴት በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ሲመከር፣ እንዲህ ያለ ልጅ አንዴ ለወለድን ግን 4 ሚሊ ግራም ነው። ለኔ ይህን የነገረኝ ሰው ዘግይቶ ነው የመጣው። «ምን በልተሽ ነው» ለሚሉሽም መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም።

አናጢው የሠራት የልጄ መቆሚያ እስካሁን ዕቃ ቤት ናት፤ ከ2 ዓመቱ እስከ 5 ዓመቱ የቆመባት። ስፖንጇን ቀይሬ አጥቤያታለሁ። የልጅሽን ከተረከዝ እስከ ብብት ያለውን ለክተሽ ላኪልኝ። ልኳ ከሆነ መጥተሽ ውሰጃት፣ ፊዚዮቴራፒስቱ አይቶ ካስተካከለው በኋላ አቁሚያት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ልጄም መቆሚያዋን ራሱ ሊያሳያት ይፈልጋል።