17ኛው ሉዊ የት ገባ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ፈረንሳይ አብዮት ከጻፍኩ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ስም ዙሪያ ይሽከረከራሉ፦ ሉዊ። የተወሰኑትን ዛሬ እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከ16ኛው ሉዊ ቀጥሎ የነገሠው 18ኛው ነው። 17ኛው የት ገባ? (የታሪክ ተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ነበረ፤ ዙፋን ላይ ግን ለአንድ ቀንም አልተቀመጠም። አባቱ በጃንዋሪ 1793 ፓሪስ አደባባይ ላይ አንገቱ ሲቆረጥ ልጁ ሉዊ ሻርል ገና 7 ዓመቱ ነበር። የንጉሡ ወገኖች ወዲያው «17ኛው ሉዊ» አሉት። እሱ ግን ታምፕል በሚባለው ግንብ ታስሮ ነበር። ከእናቱ ነጥለው ለብቻው ዘጉበት፤ በጁን 1795 በ10 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የልጁን ልብ በመሐረብ ጠቅልሎ ደብቆ ይዞት ወጣ። ከዚያ በኋላ «ያ ልጅ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም» የሚል አስመሳይ በየአገሩ ፈላ። ወሬው ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የተቋጨው በ2000 ነው፤ የደረቀው ልብ የዘረመል ምርመራ ተደረገለትና ከእናቱ ከማሪ አንቷኔት ወገን ጋር ገጠመ። በ2004 የነገሥታቱ መቃብር ባለበት በሳን ዴኒ በክብር አሳረፉት። አጎቱ በ1814 ሲነግሥ ራሱን 18ኛ ያለው የወንድሙን ልጅ ቆጥሮ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ሉዊ ማን ነው? ስሙስ ለምን እንዲህ ተወደደ?

መልስ፦ ቁጥሩ የሚጀምረው በ814 አባቱን ንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝን ከተካው ሉዊ ነው። ስሙ ግን ከሱ ይቀድማል። የጥንቷን ፈረንሳይ የገዙት የፍራንኮቹ ንጉሥ ክሎቪስ፣ ያ በሬምስ ከተማ ተጠምቆ ክርስቲያን የሆነው፣ ያው ሉዊ ነው፤ ከጊዜ ብዛት አጠራሩ ተለወጠ እንጂ። የሻርለማኝ አባት ዙፋኑን የነጠቀው ከክሎቪስ ዘሮች ነበር። ሻርለማኝ ታዲያ መንታ ወንዶች ሲወለዱለት የእነዚያኑ የተሻሩትን ነገሥታት ስሞች ወስዶ አንዱን ሉዊ፣ ሌላውን ሎተር አለ። ዙፋን የወሰደ ሰው ስሙንም መውሰድ አለበት። የሸዋው ሣህለ ማርያም ሲነግሥ ዳግማዊ ምኒልክ የተባለው በምን ምክንያት እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ 16ኛው ሉዊ የተገደለበት ማሽን በራሱ ስም ይጠራ ነበር የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ በስሙ ሞክሼ ነው። ማሽኑን የነደፈው የቀዶ ሕክምና ሊቅ አንትዋን ሉዊ ይባላል። ሕዝቡም መጀመሪያ ላይ «ሉዊዜት» ይለው ነበር። ጊዮቲን የተባለው ሐኪም በምክር ቤት ሐሳቡን ስላቀረበ ብቻ ማሽኑ በሱ ስም «ጊዮቲን» ተብሎ ቀረ፤ እስኪሞት ድረስ አዝኖበታል ይባላል።

ጥያቄ፦ ከእኛ ነገሥታት ጋር የተጻጻፈ ሉዊ አለ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። 14ኛው ሉዊ በ4 ዓመቱ ነግሦ 72 ዓመት የገዛ ሰው ነው፤ በሱ ዘመን ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነበሩ። ኢያሱ የቆዳ ሕመም ያዛቸውና ሐኪም እንዲያመጣ ሐጂ ዓሊ የሚባል ነጋዴ ወደ ካይሮ ላኩ። እዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ደግሞ አጋጣሚውን አላለፈውም። ሻርል ፖንሴ የሚባል ሐኪም አዘጋጀና አንድ የኢየሱሳውያን ቄስ «አሽከሩ ነው» ብሎ አብሮ ሰደደ። ካቶሊክ ካህናት ከተባረሩ ገና ብዙ ዘመን አልሆነም፤ በግልጽ ቢመጣ ኖሮ አይገባም ነበር። ምስኪኑ ቄስ ጎንደር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መንገድ ላይ ሞተ። ፖንሴ በጁላይ 1699 ገባ፣ ንጉሡን አከመ፣ ተሳክቶለትም በምፅዋ በኩል ተመለሰ። የጎንደር ቤተ መንግሥት ያን ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ያየውን ጽፎ ትቶልናል።

የ14ኛው ሉዊ ቤተ መንግሥት ቬርሳይ በዚህ ተደፋፍራ ሌኑዋር ዱ ሩል የሚባል መልእክተኛ ላከች። እሱ ግን ጎንደርን አላየም፤ በ1705 በዛሬዋ ሱዳን ውስጥ ሰናር ላይ ከነባልደረቦቹ ተገደለ። ጉዳዩ በዚያው ተዳፈነ። ቆይቶ በ1843 የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ፤ ያገናኛቸው ሮሼ ዴሪኩር የሚባል መንገደኛ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ «ፓስተር» የምንለው ሰፈር ከሉዊ ፓስተር ጋር ይገናኛል? (እዚያው ያደገች አንባቢ)

መልስ፦ አዎ። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለበት ግቢ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ ነበር። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ለመርፌ የሚሄደው እዚያ ስለነበር ስሙ ከሰፈሩ ጋር ቀረ። ክትባቱን መጀመሪያ በሰው ላይ የሞከረው ሉዊ ፓስተር ራሱ ነው፤ በጁላይ 1885 ከአልዛስ በእናቱ ታጅቦ የመጣ የ9 ዓመት ልጅ ላይ። መርፌውን የወጋው ግን ሌላ ሐኪም ነው። ፓስተር ኬሚስት እንጂ ሐኪም ስላልነበረ ሕጉ አይፈቅድለትም። ልጁ 13 ጊዜ ተወግቶ ዳነ።

ፓስተር ከተነሳ ሉዊ ብሬልንም ላንሳ፤ ስለሱ የጠየቀኝ ባይኖርም። አባቱ ኩቭሬ በምትባል መንደር የፈረስ ኮርቻና ልጓም ሰፊ ነበር። ልጁ በ3 ዓመቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው፤ ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ሌላው ተዛመተና ሁለቱም ጠፉ። ፓሪስ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሳለ አንድ የጦር መኮንን በጨለማ በጣት የሚነበብ የ12 ነጥብ ጽሕፈት አመጣ። አንድ ጣት 12 ነጥብን ባንዴ አይዳስስም። ብሬል ወደ 6 አወረደውና በ15 ዓመቱ ሥርዓቱን ጨረሰ። የፈረንሳይ መንግሥት የተቀበለው ግን እሱ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1854 ነው። የእኛ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አማርኛን የሚያነቡት በነዚያው 6 ነጥቦች ነው።

የፓስተርም አባት ቆዳ ፋቂ ነበር። ሁለቱ ሉዊዎች እኛ ዘንድ ቢወለዱ ኖሮ ማንም ቤቱ የማያስገባቸው «ፋቂዎች» ይባሉ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከ18ቱ ነገሥታት ይልቅ ስሙን ያስከበሩት እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሊዮን ነው የምንኖረው። ወንድ ልጃችንን ሉዊ ልንለው አስበናል፤ የሽማግሌ ስም አይመስልም?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ! አይመስልም። ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ የነበረ ስም ነው፤ አሁን ግን ፈረንሳይ ውስጥ ለሕፃናት በብዛት ከሚወጡት አንዱ ሆኗል። የልደት መዝገቡ ላይ ከአንድ በላይ ስም ማስፈር ስለሚቻል አያቶቹ የሚያወጡለትንም አብራችሁ አስጽፉ። መዝጋቢው ፊት ከመቅረባችሁ በፊት ግን ያን ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደምትጽፉት ተስማሙ፤ በኋላ ማስተካከሉ ብዙ ደጅ ያስጠናል።